«ድምፅ የለም» ሲሉኝ

«ድምፅ የለም» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አልዋሸኝም፤ ግን ገና ምንም አልነገረኝም። ከዚህች አጭር አቤቱታ ጀርባ አራት የማይዛመዱ ብልሽቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት የማቀርበው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እማዬ፣ ማጫወቻዋን ሲነኳት ክቧ ዝም ብላ ትዞራለች ወይስ ሰከንዱ መቁጠር ይጀምራል?»

«መቁጠሩንስ ይቆጥራል ልጄ። ቄሱ ናቸው የማይሰሙት።»

ይኼኔ ግማሹ ሥራ አልቋል። ሰከንዱ ከቆጠረ የእሳቸው ስልክ ከሰርቨራችን ጋር ተገናኝቷል፤ ሰርቨሩም ዝምታውን ሳይታክት እያሰራጨ ነው። የምፈልገው ነገር ከሰርቨሩ ወደ ኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በማይክራፎኑና በኮምፒውተሩ መካከል ይገኛል። ክቧ የምትዞር ከሆነ ግን ማይክራፎኑን መነካካት ትርፉ ድካም ነው፤ ችግሩ ከሰርቨሩ ወዲህ ወደ ሰሚው ነው፣ ወይም ሰርቨሩ ራሱ አልተነሳም። ሦስተኛው ዓይነት እየተጫወተ የሚቆራረጠው ነው። አራተኛው ደግሞ ብዙ ሰው ብልሽት ብሎ የማይቆጥረው፣ ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። እንጀራዬ የሊኑክስ ሰርቨሮችን መጠበቅ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናትና ለአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ዝግጅት የኢንተርኔት ድምፅ ስርጭታቸውን በነፃ አያለሁ። የሚሰሙን ሰዎች ብዙ ዓይነት ናቸው፦ ጉልበታቸው ከቤት የማያስወጣቸው አረጋውያን፣ እሑድ ጠዋት ፈረቃ ላይ የሆኑ የሆስፒታልና የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት ያሉ እህቶች፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶች። 

«ዘመኑ የቪዲዮ ነው፤ ለምን በዩቲዩብ ብቻ አይለቀቅም?» የሚሉኝ አሉ። በዩቲዩብም ይለቀቃል። ነገር ግን ሒሳቡን እንየው። ለንግግርና ለዜማ በደንብ የሚበቃ በሰከንድ 32 ኪሎቢት የሚፈስ ድምፅ በሰዓት የሚበላው 14.4 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚፈልግ መካከለኛ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይወስዳል። የስልክ ካርድ ሞልታ ሦስት ሰዓት ለምትሰማ ልጅ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ከዚያም በላይ በትልልቆቹ መድረኮች ላይ ያለው የቅጂ መብት ጠባቂ ሶፍትዌር የካሴት መዝሙር የሰማ ሲመስለው ድምፁን ሊዘጋው ይችላል፤ የራስህ ሰርቨር እንዲህ አያደርግህም።

እኛ የምንጠቀመው አይስካስት የሚባለውን ነው። ጃክ ሞፊትና ባራት ራግሃቫን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1998 መገባደጃና በ1999 መግቢያ ላይ ነው፤ ያኔ የዊንአምፕ ፈጣሪዎች ሻውትካስት የተባለውን የራሳቸውን ሰርቨር ይዘው ብቅ ብለው ነበርና፣ ማንም ከፍቶ ሊያየውና ሊለውጠው የሚችል አቻ ለማበጀት ነበር ሐሳባቸው። ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ወጣ፤ ዛሬም የሚንከባከበው ዚፍ ዶት ኦርግ የተባለው ድርጅት ነው። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። አሠራሩም ሦስት ወገኖች ብቻ አሉት። አንደኛው ላኪ ፕሮግራም ነው፤ ከማይክራፎን የመጣውን ድምፅ ጨምቆ አንድ ቅጂ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሁለተኛው ሰርቨሩ ነው፤ ያችን አንድ ቅጂ ተቀብሎ ለጠየቀው ሁሉ ያባዛል። ሦስተኛው ሰሚው ነው። ላኪው ለሰሚው በቀጥታ የሚልከው ነገር የለም። ይህን ያወቀ ሰው ብልሽት የት እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ያላወቀ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ይጭናል።

እንደገና መጫን! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ኮምፒውተር ያውቃል» የተባለ ወጣት ሁሉ የመጀመሪያ መድኃኒቱ ይህ ነው። እኔ አልወደውም። ሲጫን ከቀድሞው ስህተት ጋር አብሮ ማስረጃውም ይጠፋል፤ ሰርቨሩ ሌሊቱን ሙሉ የጻፈው ማስታወሻ ይሰረዛል። አይስካስት ደግሞ ጸሐፊ ነው። ሎግ የሚባሉ ሁለት መዝገቦች አሉት፤ አንዱ ማን መቼ እንደሰማና ስንት ባይት እንደወሰደ ይይዛል፣ ሌላው ስህተትና ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ሁለቱም ቫር በሚባለው ማውጫ፣ ሎግ ውስጥ፣ አይስካስት2 በሚባል ፎልደር ይቀመጣሉ። የዝርዝሩ መጠን ከ1 እስከ 4 ነው፤ በተለምዶ 3 ላይ ይሆናል፣ ነገሩ ሲጠብቅብኝ 4 አደርገውና ከጨረስኩ በኋላ እመልሰዋለሁ፤ 4 ላይ ከተተወ ዲስክ ይሞላል።

አሁን ሰርቨሩ አልነሳ ያለ እንደሆነ እንይ። የአይስካስት ማዋቀሪያ አንድ ፋይል ነው፤ የተጻፈውም በኤክስኤምኤል ነው። ይህ አጻጻፍ የተከፈተ ሁሉ እንዲዘጋ ግድ ይላል። አንዲት መዝጊያ ከጎደለች ሰርቨሩ ፋይሉን አላነብም ብሎ ይወጣል። ሁለት ወንጀለኞችን ደጋግሜ አግኝቻለሁ። አንደኛው ሰው ፋይሉን በዎርድ ከፍቶ ሲያርም ቀጥ ያሉት ጥቅሶች ወደ ተጠማዘዙ ጥቅሶች ይለወጣሉ። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑን ስም በእንግሊዝኛ ሲጽፉ «እና» ለማለት የሚያስገቧት አምፐርሳንድ ናት፤ በኤክስኤምኤል ይህች ምልክት ለሌላ ሥራ የተያዘች ስለሆነች ብቻዋን አትቆምም። ኤክስኤምኤል ሊንት የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ፋይሉን ሲሰጡት ስህተቱ በስንተኛው መስመር እንዳለ በቁጥር ይናገራል። በዓይን ከመፈለግ ያድናል።

ፋይሉ ደህና ሆኖ «8000 ቁጥር ላይ ማዳመጫ መክፈት አልቻልኩም» የሚል መልእክት በሎጉ ላይ ካዩ ደግሞ፣ በአብዛኛው ሌላ አይስካስት አስቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው። ፖርት የሚባለው ቁጥር አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚቆምበት በር ነው፤ አይስካስት በተለምዶ 8000ን ይይዛል። ሲጫን በራሱ ተነስቶ ከበስተጀርባ እየሠራ ሳለ ሰውየው ደግሞ ለመሞከር በእጁ ሌላ ያስነሳል። ሁለተኛው በሩ ተይዞ ያገኘዋል። ኤስኤስ የሚባለው ትእዛዝ በየትኛው በር ላይ ማን እንደቆመ ያሳያል። «8000 ይቅርና 80ን ልስጠው» የሚልም አለ፤ ከ1024 በታች ያሉትን በሮች ሊኑክስ በተለምዶ ለተራ ተጠቃሚ ስለማይፈቅድና አይስካስትም ባለ ሙሉ ሥልጣን ሆኖ መሮጥ ስለሌለበት ይህም አይሳካም።

በዚሁ ፋይል ውስጥ የይለፍ ቃሎቹ አሉ። ከፋብሪካው ሲወጣ የሰፈረው ቃል «ሃክሚ» ነው፤ «ስበሩኝ» እንደማለት። ጸሐፊዎቹ ሰው አፍሮ ይለውጠዋል ብለው ነበር፤ ሰው ግን አላፈረም። ላኪው የሚገባበት ቃልና አስተዳዳሪው የሚገባበት ቃል የተለያዩ ናቸውና ሁለቱንም መለወጥ ያስፈልጋል። ላኪው ሳይገባ ቀርቶ ሎጉ ላይ 401 ካዩ፣ የሚበዛው ጊዜ ሰውየው የአስተዳዳሪውን ቃል በላኪው ቦታ አስገብቶ ነው።

ሆስትኔም የሚባለው መስመርም አለ። እዚያ ላይ «ሎካልሆስት» የሚለው ሳይለወጥ ከቀረ ሰርቨሩ ስለራሱ አድራሻ ሲጠየቅ «እኔ እዚሁ ነኝ» ይላል። አንዳንድ አፖች አድራሻውን ከሰርቨሩ የሁኔታ ገጽ ላይ ይወስዳሉ፤ ሲወስዱም የሰሚው ስልክ ድምፁን ራሱ ውስጥ ይፈልጋል። በሰርቨሩ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ለሞከረው ሰው ብቻ ደስ የሚል ሆኖ ይሠራል።

የስርጭቱ መጠሪያ፣ ማውንት የሚባለው፣ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ «ቅዳሴ»ን በላቲን ፊደል ጻፉ ብትሉ አራት ዲያቆን አራት ዓይነት ይጽፈዋል። አይስካስት ትልቁንና ትንሹን ፊደልም ይለያል። ላኪው በትንሽ ፊደል ጽፎ በበራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቅ ፊደል ከታተመ ሰሚው 404 ያገኛል። የእኔ ምክር አጭር፣ ሁሉም ትንሽ ፊደል የሆነ፣ ማንም ሊሳሳትበት የማይችል መጠሪያ ነው። «ላይቭ» ይበቃል።

ሰርቨሩ ተነስቶ፣ ላኪው ገብቶ፣ አሁንም ክቧ የምትዞር ከሆነ፣ በሦስት ቦታ ቆሜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ራሱ፣ 127.0.0.1 በሚለው የውስጥ አድራሻ። ቀጥሎ በዚያው ሕንፃ ዋይፋይ ላይ ባለ ሌላ ኮምፒውተር። በመጨረሻ ዋይፋይን አጥፍቼ በስልክ ዳታ። የመጀመሪያው ሠርቶ ሁለተኛው ካልሠራ ፋየርዎሉ ነው። ሁለተኛው ሠርቶ ሦስተኛው ካልሠራ ራውተሩ ወይም የኢንተርኔት አቅራቢው ነው። ሦስቱም ከሠሩ የእኛ ቤት ንጹህ ነው፤ የሰሚውን ስልክ እንጠይቃለን። ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ብዙ ሰው ግን ሁሉንም ከአንድ ወንበር ላይ ሆኖ ይሞክራል።

ራውተሩ ላይ ሰው እንዳይለፋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከውጭ ለሚመጣ ሰሚ በሩን 8000ን ወደ ሰርቨሩ የሚመራ መመሪያ ራውተሩ ላይ ይጻፋል። መመሪያው በትክክል ተጽፎ አልሠራ ካለ የራውተሩን የውጭ አድራሻ ተመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል የሚጀምር ከሆነ የኢንተርኔት አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ አጭቋቸዋል ማለት ነው። ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ሥራ የተመደበ ነው፤ ከውጭ ማንም በቀጥታ ሊደርስበት አይችልም። ራውተሩ ላይ ቢጠበቡ ዋጋ የለውም።

ለዚህም፣ ለሚቀጥለው ምክንያትም፣ ሰርቨሩን ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ አልመክርም። በ64 ኪሎቢት የሚለቀቅ ስርጭት 300 ሰሚ ቢኖረው ሰርቨሩ በሰከንድ 19.2 ሜጋቢት ወደ ውጭ መግፋት አለበት። አሜሪካ ውስጥ በኬብል የሚመጣ ኢንተርኔት ሲወርድ ፈጣን ሲወጣ ግን ጠባብ ስለሆነ በዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ካሜራዎችና የምእመናኑ ስልኮች ሲጨመሩ ይታነቃል። በወር ጥቂት ዶላር የሚከራይ ትንሽ ሰርቨር በመረጃ ማዕከል ውስጥ ከተያዘ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው አንድ 64 ኪሎቢት ብቻ ነው፤ የማባዛቱ ሸክም እዚያ ማዶ ይቀራል። ተከራይ ሰርቨር ላይ ግን ሁለት ፋየርዎል እንዳለ አትርሱ፦ አንዱ ሊኑክሱ ውስጥ፣ ሌላው በአከራዩ ገጽ ላይ። አንዱን ከፍቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

ስለ ብዛት ካነሳን አይስካስት ሲጫን የተፈቀደለት የሰሚ ጣሪያ 100 ነው። ዓመቱን ሙሉ አርባና ሃምሳ ሰው ይሰማል፤ ማንም ይህን ቁጥር አያስታውሰውም። የትንሣኤ ሌሊት ይመጣል። መቶ ሰው ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም ምክንያቱን አያውቅም። ሎጉ ላይ ግን ጣሪያው መሙላቱ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። በሰሙነ ሕማማት ከምሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ቁጥር ማየት ነው። የዳታ ኮታንም አብሬ አሰላለሁ፤ 300 ሰው በ64 ኪሎቢት ስምንት ሰዓት ሲሰማ 69 ጊጋባይት ገደማ ይወጣል።

ወደ ዝምታው እንመለስ፤ ሰከንዱ እየቆጠረ ቄሱ ወደማይሰሙበት። ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጥ አድካሚ ነው፤ የሊኑክስ ድምፅ ነገር ተደራራቢ ስለሆነ። ከታች ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገረው አልሳ ነው፤ የከርነሉ አካል ነው። ከላዩ ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ሳውንድ ካርድ እንዲካፈሉ የሚያደርግ አስተናጋጅ አለ፤ ዱሮ ፐልስኦዲዮ ነበር፣ ዛሬ ፓይፕዋየር እየተካው ነው፤ ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኡቡንቱም በ22.10 እትሙ ወደ እሱ ዞረዋል። ላኪው ፕሮግራም ከአልሳና ከአስተናጋጁ ከየትኛው ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ ያላወቀ ሰው ሲታገል ይውላል።

ከታች ነው የምጀምረው። አሬኮርድ የሚባለው ትእዛዝ ማሽኑ ላይ ድምፅ መቅጃ ካርዶች የትኞቹ እንደሆኑ ይዘረዝራል። በእሱ አሥር ሰከንድ ቀድቼ አዳምጣለሁ። እዚህ ላይ ድምፅ ካለ ኮምፒውተሩ ጥፋት የለበትም፣ ላኪው ፕሮግራም ነው። ድምፅ ከሌለ አልሳሚክሰር ከፍቼ የመቅጃውን ገጽ በኤፍ4 አወጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ መቅጃው ተዘግቶ ወይም ዜሮ ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። እሱም ደህና ከሆነ ተነስቼ ወደ ሚክሰሩ እሄዳለሁ። ከሚክሰሩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚወጣው ገመድ በተለምዶ ኦክስ ከሚባለው መውጫ ነው፤ የዚያ መውጫ ቁልፍ ከዋናው ድምፅ ጋር አይገናኝም። አዳራሹ ውስጥ ድምፁ ይጮኻል፣ ኦክሱ ግን ሙሉ በሙሉ ዝቅ ተደርጓል። አቧራ ሲጠርግ የነካው አለ፣ ሕፃን አለ፣ «ጮኸብኝ» ብሎ ያዞረው አለ። እኛ በኦክሱ ቁልፍ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፈናል።

የቁጥር ነገር ደግሞ አለ። አልሳ ካርዶቹን በቁጥር ይጠራል፦ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት። ትናንት በዩኤስቢ የተሰካችው ካርድ አንድ ነበረች፤ ዛሬ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የኤችዲኤምአዩ ድምፅ ቀድሞ ተነስቶ ቁጥሯን ወሰደባት። ላኪው ፕሮግራም የሚያውቀው «አንድ ቁጥር»ን ነው፤ ሄዶ ማይክራፎን የሌለውን ካርድ ያንኳኳል። መፍትሔው ካርዷን በስሟ መጥራት ነው፤ አልሳ ይህን ይፈቅዳል። ለምሳሌ በየቤተ ክርስቲያኑ የማያት የቤሪንገር ዩሲኤ202 ርካሽ ሣጥን ለአልሳ ስሟ «ኮዴክ» ነው። በስሟ ከተጠራች መብራቱ ሃያ ጊዜ ቢሄድና ቢመጣ ቦታዋን አትስትም። በነገራችን ላይ ይህች ሣጥን ከሚክሰር የሚወጣ ጠንካራ ድምፅ እንጂ ማይክራፎን በቀጥታ አትቀበልም፤ ማይክራፎን ከሰኩባት ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

«ስርዓቱን በእጄ ሳስነሳው ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ሲያስነሳው ዝም ይላል» የሚለው አቤቱታ የሚወለደው ከፓይፕዋየር ነው። ፐልስኦዲዮም ሆነ ፓይፕዋየር የሚነሱት አንድ ተጠቃሚ ስሙንና ይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲገባ ነው፤ የዚያ ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲበራ በራሱ የሚነሳ አገልግሎት ግን ማንም ሳይገባ በሌላ ስም ይሮጣል፤ አስተናጋጁን ቢጠራው የሚመልስለት የለም። አንዳንዱ ይህን ለማለፍ ላኪውን በቀጥታ ወደ አልሳ ይመራዋል። ጥሩ ነው፤ ተጠቃሚው ኦዲዮ የሚባለው ቡድን አባል መሆን አለበት። ግን ከዚያ ዲያቆኑ መጥቶ በዚያው ኮምፒውተር ዴስክቶፑ ውስጥ ሲገባ ፓይፕዋየር ይነሳና ካርዷን እኔ ልያዝ ይላል፤ አንዱ ቀድሞ ከያዛት ሌላው «መሣሪያው ተይዟል» የሚል መልስ ያገኛል። ፉዘር የሚባለው ትእዛዝ ካርዷን ማን እንደያዘ ያሳያል። የእኔ አቋም ግን ግልጽ ነው፦ ለስርጭት የተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ዴስክቶፕ አይጫንም፣ ፓወርፖይንት አይከፈትበትም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አይቀዳበትም። አባቶች «ኮምፒውተር እያለን ሌላ እንግዛ?» ሲሉ ይከብዳል፤ «አባታችን፣ ያገለገለውን አመጣለሁ» እላለሁ፣ አመጣለሁም።

ግማሽ ዝምታም አለ። ከሚክሰሩ የመጣው ገመድ አንዱ ብቻ፣ ግራው፣ ተሰክቶ ስርጭቱ በስቴሪዮ ይወጣል። በሁለት ጆሮ ለሚሰማ ሰው የሚሰማው በግራ ብቻ ነው፤ አንዲት ማዳመጫ በቀኝ ጆሮዋ ሸጉጣ ሥራ ላይ ላለች ልጅ ምንም የለም። ቅዳሴና ስብከት በስቴሪዮ መላክ ከመጀመሪያውም ብክነት ነው። ሞኖ ይሁን፤ በዚያው ኪሎቢት ጥራቱ ይጨምራል።

ለሚቆራረጠው የመጀመሪያ መልሴ የኔትወርክ ገመድ ነው። ላኪው ኮምፒውተር ዋይፋይ ላይ ካለ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ዓርብ ማታ ሲሞከር ደህና ሆኖ እሑድ አራት መቶ ስልክ ሲገባ ይደክማል። ግንኙነቱ ለአፍታ ተቋርጦ ላኪው ተመልሶ ሲሞክር «መጠሪያው ተይዟል» ብሎ ሰርቨሩ በ403 ይመልሰዋል፤ ሰርቨሩ የሞተውን የቀድሞ ግንኙነት ገና በሕይወት ያለ ስለሚመስለው ነው። በተለምዶ 10 ሰከንድ ይጠብቅና ይለቀዋል። «ሰርቨሩ ታጋሽ ይሁን» ብሎ ይህን ጊዜ ወደ 300 ሰከንድ ያሳደገ ወጣት አይቻለሁ፤ ሐሳቡ ቅን ነበር፣ ውጤቱ ግን ላኪው በር ላይ አምስት ደቂቃ መቆሙ ነው።

ይበልጥ የሚያስተማምነው ሊኪድሶፕ የተባለው ላኪ ነው። ሊዮን፣ ፈረንሳይ ያሉ ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ሲሆን ራሱን የቻለ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ አለው። መጀመሪያ የሚያጋጥመው ሰው ይናደድበታል፤ አንድ የቀጥታ ምንጭ ብቻ ጽፎ አስነሳ ሲለው «ይህ ምንጭ ሊጠፋ ይችላል» ብሎ እምቢ ይላልና። እኔ ይህን ግትርነቱን እወድለታለሁ። ማይክራፎኑ ቢጠፋ ምን ላጫውት ብሎ አስቀድሞ ነው የሚጠይቀው። በዲስክ ላይ ያለ አንድ የበገና ቅጂ ተጠባባቂ አድርጋችሁ ከሰጣችሁት ይነሳል፤ ቀጥታው ሲጠፋ ወደ በገናው፣ ሲመለስ ወደ ቅዳሴው ራሱ ይዞራል። ገመዱ ሳይቋረጥ ድምፁ ብቻ ሲጠፋም እንዲዞር የሚያደርግ መሣሪያ አለው። ከፋብሪካው የተሰጠው ትዕግሥት 20 ሰከንድ ነው፤ ለሬዲዮ ጥሩ ነው፣ ለቅዳሴ ግን አይሆንም። ካህኑ በለሆሳስ የሚጸልዩበት ጊዜ አለ፤ ሃያ ሰከንድ በቀላሉ ያልፋል፣ በመካከሉ በገና ቢገባ ነውር ነው። እኔ ሁለት ደቂቃ አድርጌዋለሁ። አይስካስትም የራሱ የተጠባባቂ ስልት አለው፤ እሱን የሚጠቀም ሰው ተጠባባቂው ስርጭት ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት አጨማመቅ ሊኖረው እንደሚገባ ይወቅ፤ ከኤምፒ3 ወደ ኦፐስ መሃል ላይ ሲዘል ብዙ ስልክ ጸጥ ይላል።

ኦፐስ ራሱ ግሩም ነገር ነው፤ በ24 ኪሎቢት ሰው ሲናገር ጥርት አድርጎ ያሰማል። ነገር ግን ብዙ አይፎን ከአይስካስት የሚመጣውን ኦፐስ አልጫወትም ስለሚል ለሁሉም የሚሆነው አሁንም ኤምፒ3 ነው። የፓተንቱ ጣጣም እ.ኤ.አ. በ2017 አብቅቷል።

የሚዘገየውን በአጭሩ ልለፈው። አይስካስት አዲስ ሰሚ ሲገባ ቶሎ እንዲጀምርለት አስቀድሞ ያጠራቀመውን 65,535 ባይት በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል። በ128 ኪሎቢት ይህ የአራት ሰከንድ ድምፅ ነው። በ32 ኪሎቢት ግን አሥራ ስድስት ሰከንድ ይሆናል። ለዚህ ነው ስርጭቱን ለድሆች ብላችሁ ባቀለላችሁት ቁጥር መዘግየቱ የሚብሰው፤ የስልኩ የራሱ ማጠራቀሚያም ይጨመርበታል። ለቅዳሴ ግድ የለም። አድማጭ በስልክ እየገባ ለሚወያይበት የሬዲዮ ዝግጅት ግን ቁጥሩን መቀነስ ይገባል፤ አለዚያ ደዋዩ የራሱን ድምፅ ከኋላው ሲሰማ ግራ ይጋባል።

በድንገት «ድረ ገጹ ላይ አይጫወትም፣ አድራሻውን ለብቻ ስከፍተው ግን ይሠራል» የሚሉ ሰዎች ከመጡ ነገሩ ከአሳሹ ጋር ነው። ክሮም ከ80ኛው እትሙ፣ ከእ.ኤ.አ. 2020 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ኤችቲቲፒኤስ በሆነ ገጽ ውስጥ የተሰካ ተራ ኤችቲቲፒ ድምፅን በግድ ወደተመሰጠረው ለመለወጥ ይሞክራል፤ ካልተሳካለት ይዘጋዋል። ኢንጂንኤክስን ከፊት አስቀምጦ፣ ከሌትስ ኢንክሪፕት ነፃ ሰርተፊኬት አውጥቶ፣ አይስካስትን ከኋላው ማድረግ የታወቀው መንገድ ነው። ኢንጂንኤክስ ድምፁን እያጠራቀመ እንዳያቆይ የማጠራቀም ልማዱን መዝጋት ይገባል።

የግዕዝ ፊደል ነገር ለብዙ ጊዜ የተተወ ነበር። ላኪው «የዕለቱ ወንጌል» ብሎ ርዕስ ይልካል፤ የሰሚው ስልክ ላይ የጥያቄ ምልክትና የጭረት ዝባዝንኬ ይወጣል። ሰው «ኢንተርኔት አማርኛ አይችልም» ብሎ ተቀመጠ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አይስካስት ግን ለኤምፒ3 ስርጭት ርዕሱ በላቲን1 እንደተጻፈ ቆጥሮ ነው የሚያነበው። በማውንቱ ክፍል ውስጥ ቻርሴት የሚለውን ዩቲኤፍ8 ነው ብሎ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል። ካልኖረ መስመሩን ጻፉት፤ ከዚያ ሰርቨሩ ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ አድርጋችሁ ላኪውን አቁማችሁ አስነሱ።

ሌላው ሰዓት ነው። ተከራይ ሰርቨሮች ብዙዎቹ በዩቲሲ ነው የሚቆጥሩት። ቅዳሴውን በየእሑዱ ቅዳ ተብሎ በክሮን የታዘዘ ሰርቨር፣ በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ አሜሪካ ሰዓቷን ስትለውጥ እሱ አይሰማም፤ ኪዳኑ ካለፈ በኋላ መቅዳት ይጀምራል። ሲስተምዲ ታይመር ላይ ግን ከሰዓቱ ቀጥሎ የቦታውን ስም፣ ኒውዮርክን፣ መጻፍ ስለሚቻል እኛ ክሮንን ትተን ወደዚያ ዞረናል። ሰርቨሩ እንዲህ ቢስተካከልም ሰሚው አይስተካከልም፤ አዲስ አበባ ሰዓቷን አትለውጥም። በክረምት እዚህ ጠዋት 6 ሰዓት ኤኤም የሚጀመረው እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በበጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ መርሐ ግብሩን ስንለጥፍ የሜሪላንዱንና የአዲስ አበባውን ሰዓት ጎን ለጎን እንጽፋለን፤ መጋቢትና ኅዳር ላይ ወረቀቱን የሚለውጠው የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነው።